የእትዬ ታንጉት ብርሌ

እትዬ ታንጉት ቦንጋ ገበያ አጠገብ ጠጅ ቤት ነበራቸው። ማሩን ከማንኪራ ጫካ ነው የሚያስመጡት፤ ጠጅ በስኳር ይጣላል ሲባል ከሰሙ ቀኑን ሙሉ ሲራገሙ ይውላሉ። በእናታቸው ወግ ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ለደንበኞቻቸው ግን ትተውታል። «ለቤተሰብ ደግሞ ምን ቅምሻ ያስፈልጋል?» ይሉ ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣው መምህር እስክንድር አንድ ብርሌ አጋመሰ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ልቤ! ልቤ ሊፈነዳ ነው!» ብሎ አስታወከ። ከጥግ አንዱ «መርዝ ነው» አለ።

እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ጎረቤታቸው ነኝና እዚያው ነበርኩ፤ ከታማሚው ይልቅ እትዬ በድንጋጤ የሚሞቱ መስሎኝ ፈራሁ። እትዬ ታንጉት የመምህሩን ብርሌ አንስተው የተረፈውን ግጥም አደረጉት። «በሉ እንግዲህ፣ አብሬው ልሙት!» አሉ።

መምህሩን ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። እትዬም እያለከለኩ ተከተሉን፤ መንገዱን ሙሉ «ፊቴ ቀላ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም እየፈራሁ አያቸዋለሁ።

ነርሷ ሊና የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችው። እስክንድር ድዱ መግል ቋጥሮ የታዘዙለትን አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ከኪሱ አወጣ።

«ሁለቱም ባክቴሪያ ይገድላሉ» አለች። «አሞክሲሲሊን የጀርሙን ግድግዳ ያፈርሳል፤ አንዳንዱን ሰው ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን ያሳክከዋል። ሜትሮኒዳዞል አየር በሌለበት የሚራባውን ጀርም ያጠፋል፤ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይኸው፣ እንዲህ ያደርጋል። መጠጥ እንዳትነካ አልተነገረህም?»

«ቢራና አረቄ መስሎኝ» አለ መምህሩ በደከመ ድምፅ። «ጠጅ ማር አይደል እንዴ?»

እትዬ ታንጉት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ተንሰቀሰቁ።

መምህሩ ዳነ፤ የሆነውንም በየደረሰበት ተናገረ። ሰዉ «እሰይ» ብሎ ሳቀ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እኔ መልካሙ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ፣ ጠጅ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ደንበኛ የሆኑት ጋሽ ሀብተ ማርያም መጡ። እትዬ ታንጉት ቀዱላቸው። ጋሽ ሀብተ ማርያም አቀርቅረው ብርሌውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት።

«እስቲ... እንደ ወጉ» አሉ።

እትዬ ታንጉት ቀመሱ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ቀና ብለው የእትዬን ፊት አዩ፤ አለመቅላቱን ካረጋገጡ በኋላ ጠጡ።