የጋሽ ማንደፍሮ ፌስታል

ጽሕፈት ብዙም አይሆንልኝም፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። ስለ ጋሽ ማንደፍሮ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

ጋሽ ማንደፍሮ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ የቀሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው መጠገን ነው። የጓሮ ክፍላቸውን ተከራይቼ ስለምኖር ጥገናቸውን ሁሉ አይቻለሁ። የሽንት ቤቱ ውሃ የሚለቀቀው በሲባጎ ተስቦ ነው። የጋራዡ በር በመጥረጊያ እንጨት ተደግፎ ይቆማል። የኩሽናው ቧንቧ በስኮች ተጠቅልሎ ሦስት ዓመት ያንጠባጥባል። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉዬ «ኧረ ባለሙያ እንጥራ» ሲሉ የጋሼ መልስ አንድ ነው፤ «ሌባ ቤቴ አላስገባም!» ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ሲባጎ!

በፈረንጆቹ 2011 የኮሮላዬን የቤንዚን ክዳን ማደያ ረስቼ መጣሁ። አዲስ ልገዛ ስወጣ ጋሽ ማንደፍሮ በር ላይ ያዙኝ።

«ወዴት ነው ዘይኑ?»

«ክዳን ልገዛ ነው ጋሼ።»

«ለክዳን ገንዘብ? እኛ በጨርቅ ወትፈን ከአዲስ አበባ ደሴ ገብተናል!»

ፌስታል አጣጥፈው ወተፉበት፤ ዙሪያውን በላስቲክ አሰሩት። ለታላቅ ሰው እምቢ አይባልም ብዬ ተውኳቸው። ጭራሽ አመሰገንኳቸው።

በሳምንቱ ሞተሩን አስመርምር የሚለው የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። እኔ ደግሞ እስከ አርብ ስሞግ የሚሉትን የጭስ ምርመራ ካላለፍኩ የመኪናዋን ሬጂስትሬሽን አላሳድስም፤ መብራቱ እየበራ ደግሞ አይታለፍም፤ መኪናዋ ትቆማለች። የምሠራው እዚሁ አቅራቢያ ኒውአርክ በምትባል ከተማ መጋዘን፣ የምገባው ገና ሳይነጋ ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። መኪና ከሌለኝ ሥራ የለኝም። ሙጠሊብ ለሚባል መካኒክ ኮል ላደርግ ስል ጋሽ ማንደፍሮ ሰሙኝ።

«ደግሞ ለሌባ!»

ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ገመድ ነቀሉ፤ ቆይተው መልሰው ሰኩት። መብራቱ ጠፋ።

«አየህ? እውቀት ማለት ይሄ ነው።»

ማክሰኞ ስሞግ ቤት ሄድኩ። መርማሪው ፌስታሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣና ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱ ሲስቁ እኔ መሬት መሬት አየሁ። መብራቱን ያበራው ፌስታሉ ነው፤ ባትሪው ስለተነቀለ ደግሞ የመኪናዋ ኮምፒውተር የያዘውን ሁሉ ረስቷል አለኝ። ክዳን ግጠም፣ እንደገና እንዲመዘግብ መቶ ማይል ያህል ንዳና ተመለስ።

ክዳኑ አሥራ ሁለት ዶላር ነው። ለአሥራ ሁለት ዶላር! ገጥሜ፣ ከሥራ ስወጣ ሁለት ቀን ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ተመላለስኩ። እዚያ ሌክ ሜሪት የሚባለውን ሐይቅ እዞርና እመለሳለሁ። የማደርሰው ሰው የለ፣ የማመጣው ዕቃ የለ። እንደ እብድ።

አርብ ስሞግ ቤቱ ሊዘጋ ሲል አለፍኩ።

ቤት ስደርስ ጋሽ ማንደፍሮ ከወዳጃቸው ከአቶ ክንፉ ጋር በር ላይ ቆመዋል።

«የዚህን ልጅ መኪና ስሞግ ያሳለፍኩለት እኔ ነኝ» ይሏቸዋል።

መርማሪው የመለሰልኝን ፌስታል ከኪሴ አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

«ዕቃዎ ነው ጋሼ። ከእንግዲህ መኪናዬን እንዳይነኩብኝ።»

ሰው ፊት አልኩት። አቶ ክንፉ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

ያፍራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ፌስታሉን አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት።

«ቤንዚን ነካው እንጂ ደህና ነው» ብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

በማግስቱ ሳይ ፌስታሉ የኩሽናው ቧንቧ ላይ ታስሯል።