የጎፈሬ እግር ፀጉር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ድመቱን ጭኗ ላይ አጋድማ በእግሩ ጣቶች መካከል የበቀለውን ፀጉር በትንሽ መቀስ ስትከረክም አየኋት። ሊሾው ላይ እንዳይንሸራተት ነው አለችኝ። ይህን ከእሷ የምማር መስሏታል። የቆረጠችውን ፀጉር በሶፍት ጠቅልላ ስታስቀምጥ ግን ሳላስበው ጮኽኩባት። ምን እንዳጠፋች እስካሁን አልገባትም።

በሃያ ሁለት ዓመቴ አስተማሪ ሆኜ ጭሮ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ከእታገኝ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። እታገኝ ባለትዳር፣ የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት ነበረች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተዋደድንም። በቧንቧው ተጣላን፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ተጣላን፣ በመጨረሻ በድመቴ ተጣላን። ጎፈሬ ከድሬዳዋ ያመጣሁት ፀጉረ ረጅም ድመት ነበር፤ ስሙን ያወጣለትም ያው ፀጉሩ ነው። ክረምት ሲገባ በእግሩ ፀጉር ጭቃ ተሸክሞ የሚመላለሰው እሷ ወልውላ በጨረሰችው በረንዳ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ደግሞ ጭጎጎት መጣ። ያ ልብስ ላይ የሚጣበቅ ፍሬ በጣቶቹ መካከል ካለው ፀጉር ጋር ተጠቅልሎ ይደርቅና ድመቱ ማንከስ ይጀምራል። ቢጎትቱት ይናከሳል። ስለዚህ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬው፣ መዳፉን በአውራ ጣቴ ጫን እልና ጣቶቹ ሲፈለቀቁ ፀጉሩን ከመዳፉ እኩል እቆርጠዋለሁ። መቀሱ ከዚያ ካለፈ ደም ነው። አንድ ቀን የቆረጥኩትን ከነጭጎጎቱ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ የጋራ በረንዳችን ጥግ ላይ ረሳሁት።

በዚያው ሳምንት የእታገኝን ልጅ ትኩሳት ያዘው። ወረቀቱን ከበረንዳው አንስታ ፈትታ ፀጉርና እሾህ ስታይ መተት እንጂ ሌላ ምንም አልታሰባትም። ልጁን እንዳዘለች፣ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ መጥታ ከደጃፌ ራቅ ብላ ቆመች።

«ልጄን ምን አድርገሽብኝ ነው?» አለችኝ።

የድመት የእግር ፀጉር ነው ብል ያልቅ ነበር። መቀሱም ድመቱም እዚያው ነበሩ። ግን የሁለት ዓመት ንዴት አናቴ ላይ ወጣ፤ ደግሞም ስትፈራኝ ያየኋት ያን ቀን ገና ነው።

«ካወቅሽው ምን ትጠይቂኛለሽ?» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ጎፈሬ ጠፋ። የእታገኝ ባል በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ፣ በሚነዳው የጭነት መኪና ወስዶ ቆላው ሚኤሶ እንደጣለው አከራያችን ጋሽ ተካ እያፈሩ ነገሩኝ። «ድመቱ ከግቢ ካልወጣ ልጁ አይድንም ብለው ነው። አንቺም አልካድሽም አሉ» አሉኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድኩ። እኛ ጋ ጭቃ ሆኖ ሚኤሶ ጠብታ አልጣለም፤ ማሽላው እንደቆመ ደርቋል። መኪና የሚቆምበትን ሁሉ ስሙን እየጠራሁ ዞርኩ። አንዲት ሻይ ሻጭ «ፀጉራሙ አዱሬ፣ ድመቱ? ትናንት መኪና ገጨው» አለችኝ። የእታገኝ ልጅ በጤና ጣቢያው መርፌ ዳነ፤ እሷ ግን ድመቱ ስለሄደ ነው ትል ነበር።

ዘንድሮ ሂርና ከተማ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ እታገኝን አየኋት። አርጅታለች፤ የልጅ ልጇን እጁን ይዛ ነበር። ስታየኝ ልጁን ወደ ኋላዋ ሳበችና ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው። ዛሬም አልወዳትም። ድመቴን የገደለው የማን ቃል እንደሆነም አውቃለሁ። ሁለት እርምጃ ጠጋ ብዬ እውነቱን ብነግራት ከዚያ ሁሉ ዘመን ፍርሃት ትገላገል ነበር፤ ጊዜም ነበረኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ አየኋትና፣ እንደፈራችኝ ትኑር ብዬ ተውኳት።