ፊቴ ሲጣመም አገር ሳቀ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ገና አፌን ሳልከፍት እዚያ ጥግ ላይ የሚስቁ ሰዎች አያለሁ። ምንም አይደለም፣ ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ። ግን ላስቃችሁ አልመጣሁም። ይህን ወረቀት የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም። ይህ ብቻውን ምስክርነት ነው፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን! ቆይቼ እደርስበታለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ በቴሌቪዥን «አያ ድፍርስ» የሚባለው እኔ ነኝ። ያ ጋቢውን ባንድ ትከሻው ጥሎ ከጎረቤቱ፣ ከዶሮው፣ ከዝናቡ ሳይቀር የሚጣላው ሰውዬ። ሰው «ትወና የት ተማረ?» ይላል። የትም አልተማርኩም። እዚሁ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ፊልም የሚቀርጹ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡና መኪናቸውን ባሰጣሁት መረብ ላይ ነዱበት። ስጠግነው የከረምኩት መረብ ነው! ብድግ ብዬ ያፌን ሁሉ አወረድኩባቸው፤ እነሱን፣ መኪናቸውን፣ የመጡበትን መንገድ። ዳይሬክተሩ ይቅርታ ይለኛል ስል፣ ካሜራ የያዘውን ሰው «እንዳታቆም! ቅዳ! ቅዳ!» ይለዋል። የቀሩት ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። የእኔ ደም ፈልቷል፣ እነሱ ይስቃሉ። ሥራዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ሆነ፤ እኔ እናደዳለሁ፣ አገር ይስቃል።

ቅዱሳን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድም ቀን ቀልጄ አላውቅም። የከፋኝ ሰው ነበርኩ። አባቴን ሳላውቀው ሞተ፤ ትምህርት ቤት የሚልከኝ ጠፋ፤ ያደግኩት በሰው ታንኳ ላይ፣ ስድብ እየጠገብኩ ነው። ዳይሬክተሩ ያንን ምሬት አገኘና ጋቢ አለበሰው፣ በቃ።

ማንበብም አልችልም ነበር። ጽሑፉን ባለቤቴ ዘነቡ ታነብልኛለች፣ እኔ በጆሮዬ እይዛለሁ። አንዴ ቀረጻ ላይ ወረቀቱን ገልብጬ ይዤ ተቀምጬ አዩኝ። «አያ ድፍርስ ደግሞ ጀመረ!» አሉ። «ኧረ እኔ ማንበብ አልችልም» ስላቸው አንዷማ ከወንበሯ ወደቀች። እውነት ስናገር የሚያምነኝ አልነበረም። የእኔ በሽታ ከፊቴ በፊት የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት፣ አዲስ አበባ በተከራየሁት ክፍል ሻይ ስጠጣ፣ ሻዩ በግራ ከንፈሬ ወርዶ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። መስታወት ባይ ግማሽ ፊቴ ወርዷል። አፌ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ግራ ዓይኔ አልጨፈን ብሏል። ዘነቡ ወደ አገር ቤት ሄዳለች። የማውቀው ሰው ያለው ቀረጻ ቦታ ነውና እየሮጥኩ ወደዚያው ሄድኩ። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ገና ስታየኝ በሳቅ ብሩሿን ጣለች። ዳይሬክተሩ መጥቶ አየኝ፣ «ይሄን ፊት እንዳትለቀው! ካሜራ አስነሱ!» አለ። «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» እላለሁ፤ ከንፈሬ አልገጥም ብሎ ቃሉ ይሰባበራል፤ እነሱ ይስቃሉ። «አልቀልድም፣ አሞኛል» እላለሁ፤ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እንደዚያው ቀረጹኝ። ያ ክፍል ሲተላለፍ አገር በሳቅ ሞተ። ሰው እየደወለ «ከሠራኸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል» አለኝ።

ወደ አገሬ ልመለስ ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ለየኝና «አያ ድፍርስ! በሞቴ ያቺን ፊት አንዴ!» አለ።

«ፊቴ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም» አልኩት።

ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ።

ደሴ ያየኝ ሐኪምም ስገባ ፈገግ ብሎ ነበር። ቆይቶ «ዓይንህን ጨፍን» አለኝ። ቀኙ ተጨፈነ፣ ግራው ፈጦ ቀረ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «የፊትህ ነርቭ ተጎድቷል። ብዙው ሰው ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ግን እንዲሁ ይቀራል» አለኝ። ኪኒን ሰጠኝ፣ የዓይን ጠብታ ሰጠኝ፣ ስትተኛ ዓይንህን በፕላስተር ዝጋ አለኝ። ሁሉንም አደረግሁ። እናቴ ግሸን ተሳለችልኝ። ጎረቤታችን ሼሁ «አብሽር፣ አላህ ያሽርሃል» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ከፍቅር ያደረጉትን ማንም እንዲንቅብኝ አልፈልግም። ወራት አለፉ፣ ፊቴ ግን እዚያው።

የቴሌቪዥን ሰዎቹም ፊቴን ሰለቹት። መቼም ጠማማ ፊት ሁልጊዜ አያስቅም። «አያ ድፍርስ አረብ አገር ሄደ» ብለው ጻፉና አሰናበቱኝ። አረብ አገር የተባለው እንግዲህ ሐይቅ ከተማ፣ የእናቴ ጓዳ ነው። እዚያ ፊቴን በፎጣ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ዘነቡ ብላ ስትለኝ እጮሃለሁ፣ ተው ስትለኝ እጮሃለሁ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ሆኜ ብሞት እንኳ ለቀስተኛው ሬሳዬን አይቶ የሚስቅ ይመስለኝ ነበር። እግዚአብሔርንም ጠላሁት። አላለሳልስም፣ ጠላሁት።

አንድ የገበያ ቀን ዘነቡ ታማ ተኝታ ነበርና ሽንኩርት ልገዛ እኔው ወጣሁ። ፎጣዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤያለሁ። ነፋስ መጣና ገልጦ ጣለው። አንዱ ጎረምሳ «አያ ድፍርስ!» ብሎ ጮኸ፤ አለቀልኝ። ገበያው ከበበኝ። «ያቺን ፊት! አንዴ ብቻ በናትህ!» ስልክ አወጡ። «ተዉኝ፣ ታምሜ ነው» አልኩ፤ ሳቁ። «በፈጣሪ ተዉኝ» አልኩ፤ ባሰባቸው። ያኔ እንባዬ መጣ። አልቅሼ የማላውቅ ሰው፣ ቲማቲምና ቃሪያ መሀል ቆሜ እንደ ሕፃን አነባሁ። አንዱ «ወይ ችሎታ! እንባውን እዩት!» ይላል። አጨበጨቡልኝ ወገኖቼ። ሳለቅስ አጨበጨቡልኝ።

እንግዲህ ጌታ የሚሠራበትን ስሙ። ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ እታለም የሺ ብድግ አለች። ያቺ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው እናታችን ናት፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የሰፈራችን ሰው ናት፤ ያኔ «ጴንጤዋ» እያልን እናማት ነበር።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ? ሰውዬው እያለቀሰ ነው!» አለች።

«እታለም፣ ትወና እኮ ነው» አላት አንዱ።

«ትወናውንማ አውቀዋለሁ። ልጆቼ ሲያዩት አብሬ እቀመጣለሁ፤ አንድ ቀን አስቆኝ አያውቅም። ይሄ ትወና አይደለም። ዞር በሉ፣ ሽንኩርቴን ትረግጡታላችሁ!»

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። «ይመር፣ ና ተቀመጥ» አለችኝ። በስሜ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ዘነቡ እንኳ ልታባብለኝ ስትፈልግ «አያ ድፍርስ» ትለኝ ነበር። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት ያስከፋኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አስቆኝ አያውቅም ማለቷ!

«ምነው እታለም፣ አገር ሙሉ ይስቃል፣ አንቺን ምን ያዘሽ?»

«ምኑ ይሳቃል? ጠዋት ማታ የሚጮህ ሰው። ልጆቹ ሲንከተከቱ እኔ ‹ይሄን የሰው ልጅ ምን እንዲህ አስከፋው?› ነው የምለው። ስጸልይልህ ነው የኖርኩት።»

«ለእኔ?»

«ለአንተ ለይመር። አያ ድፍርስማ ቢናደድ ምን ቸገረኝ።»

ሰማችሁ? እኔ በቴሌቪዥን ስሳደብ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ስሜን በጌታ ፊት ታነሳ ነበር። ስሙ ይባረክ! ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

በዚያው ሳምንት ወደ ጉባኤው ወሰደችኝ፤ ዘነቡም ተሽሏት አብራኝ መጣች። ያኔ ይህ አዳራሽ የለም፤ በአንድ ወንድም ሳሎን ነበር የምንሰበሰበው። አምኜ የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ሽንኩርቷን ትታ ስለቆመችልኝ እምቢ ማለት አፍሬ ነው። ገና ስገባ አንድ ወንድም አየኝና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስሙን አልጠራም፤ ኪቦርዱ ጋ አንገቱን የደፋው ነው። ቀና በል ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።

«በልቡ ያለውን የሚናገር ካለ» ሲሉ ተነሳሁ። ጸሎት አላውቅም፤ የማውቀው ጠብ ነው። «እግዚአብሔር፣ አንተም ከላይ ሆነህ ትስቅብኛለህ? ካልሳቅክብኝ ለምን ዝም ትላለህ?» አልኩ። ድፍረት ነው። ግን ያ ወንድም እንኳ አልሳቀም። እታለም የሺ መጥታ እጇን በጠማማው ጉንጬ ላይ አደረገች። አለቀስኩ፤ ጉባኤውም አብሮኝ አለቀሰ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ ግን ከሽንኩርቱ ነው እንዳትሉ፣ እነሱ ራቅ ብለው ነበር የተቀመጡት!

ከዚያ የሚያገለግለው ወንድም ወንጌል ገልጦ ወታደሮች በጌታችን ላይ የተጫወቱበትን ቦታ አነበበልኝ። የንጉሥ ልብስ አልብሰው፣ የእሾህ አክሊል ደፍተውለት፣ እየተንበረከኩ ሳቁበት። ፊቱን መቱት። እሱ በሞት መንገድ ላይ ነው፣ ለእነሱ ጨዋታ ነው! ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። «ይሄማ ያውቀኛል» አልኩ። «የእኔን ነገር ከእኔ በፊት አይቶታል» አልኩ። በዚያው ቀን ሕይወቴን ሰጠሁት። ሃሌ ሉያ!

ፊቴ ግን በዚያ ቀን አልተመለሰም። የተመለሰ እንዳይመስላችሁ፣ አልዋሽም። የዓይን ጠብታዬንም አልጣልኩም። ቀድሞ የዳነው ልቤ ነው። ፎጣውን ጥዬ ገበያ መውጣት ጀመርኩ። የሚስቅ ሲስቅ «ታምሜ ነው ወንድሜ» እለውና አልፋለሁ፤ እጄን ለቡጢ አይበላኝም።

በጸሎት ላይ ግን ችግር ነበረብኝ። «ዓይናችንን ጨፍነን» ሲባል የእኔ ግራ ዓይን ፈጦ ይቀራል። ስለዚህ ማን እንደሚያንቀላፋ፣ ማን ስልኩን እንደሚነካካ አያለሁ። ሁላችሁንም አውቃችኋለሁ!

አንድ እሑድ እንደወትሮዬ ተንበርክኬ በአንድ ዓይኔ እየቃኘሁ ስጸልይ፣ ድንገት ሁሉም ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። «ጨለመብኝ! ጨለመብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ዘነቡ «ወይኔ፣ ዓይኑ ጠፋ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። ጉባኤው ተተራመሰ። እታለም የሺ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«አንተ ይመር፣ ዓይንህ ተጨፍኖ እኮ ነው!»

«የቱ?»

«ግራው!»

ገለጥኩት፣ ብርሃን። ጨፈንኩት፣ ጨለማ። ገለጥኩ፣ ጨፈንኩ። ያቺ አንድ ቀን ያላሳቅኋት ሴት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች። «ጨለመብኝ ይላል እኮ! ጌታ ሲምረው ጨለመብኝ ይላል!» እኔም ሳቅሁ። ከንፈሬ በግራ በኩል ሲነሳ ታወቀኝ። ሰው ሲስቅ አብሬ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ!

ደሴ ወዳለው ሐኪም ተመለስኩ። አስጨፈነኝ፣ አስከፈተኝ፣ ፈገግ አስባለኝ። «ይገርማል። ይሄን ያህል ቆይቶም አንዳንዴ ይመለሳል» አለ።

«ዶክተር፣ አንዳንዴን የሚያዘው ማን ነው?» አልኩት።

«እሱን አላስተማሩኝም» ብሎ ሳቀ። ጨዋ ሰው ነው፣ ጌታ ይባርከው።

ያንን በጌታ ላይ የተሳለቁበትን ቦታ ዘነቡን አንብቢልኝ፣ አሁንም አንብቢልኝ እያልኩ አሰለቸኋት። «አንተ ሰውዬ፣ እጅ እግር አለህ፣ ዓይንህም ተመልሷል፣ ለምን ራስህ አትማርም?» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ከእናቶች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ጢሜ ሸብቶ! ያንን ቦታ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ለብቻዬ፣ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩ ዕለት ዘነቡን ጠርቼ አነበብኩላት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ድገመው» አለችኝ።

ዳይሬክተሩም ደወለ። «ዳንክ ሲሉ ሰማሁ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ግን ያ ፊት… ጨርሶ ጠፋ?» «ጨርሶ!» «ኧረ ትንሽ እንኳ አልቀረም?» ድሮ ቢሆን ስልኩን ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። ሳቅሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ቀን ሐኪም ቤት ልወስድህ ይገባኝ ነበር፣ ይቅርታ» አለኝ። ይቅር አልኩት። አያ ድፍርስ ከአረብ አገር ሊመለስ ነው። ጽሑፉን ራሴ እያነበብኩት ነው፤ ቀስ እያልኩ፣ ግን ራሴ። መናደዱን አሁን እተውነዋለሁ፤ ደግሞ ያስደስታል ለካ! ምላሴ አሁንም ሻካራ ነው። ጌታ እየሠራብኝ ነው፤ ዘነቡ «ቶሎ ቶሎ በለው» ትላለች።

አሁን ወረቀቴን አጥፌ በአፌ ልናገር። ከመሀላችን እየሳቀ የገባ፣ ውስጡ ግን የሚያለቅስ ሰው አለ። አሞኛል ብሎ ቀልድህን ተው የተባለ፣ ከፍቶኛል ብሎ የሚሰማው ያጣ ሰው አለ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ገና ሳትናገሩ የሰማችሁ ጌታ አለ፤ በእሱ ታመኑ። እኔን ተቆጥቼ ስመጣ ያልመለሰ፣ እናንተን አይመልስም። ተነሡና ወደ ፊት ኑ። እታለም የሺ እዚህ ናት፣ እኔም አለሁ። ኑ፣ ምን እንደሆናችሁ ንገሩን።

አንስቅም።