መሸጥ መለወጥ የሚል ውክልና

እናኑ ጎንደር አራዳ ውስጥ የተማሪዎች የደንብ ልብስ እየሰፋች ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከአባቷ የወረሰችው ባለ አራት ክፍል ቤት አላት፤ በአንዱ ትኖራለች፣ መንገድ ዳር ባለው ትሰፋለች፣ ሁለቱን ታከራያለች። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር እንደሆነ፣ ሕክምናውም አዲስ አበባ ብዙ ወራት እንደሚፈጅ ሲነገራት መጀመሪያ ከአፏ የወጣው፣ «ቤቱን ለልጆቼ ማን ይጠብቅልኛል?» የሚል ነበር።

ወንድም አላት። ዳኛው ይባላል፣ ዳባት አጠገብ ገበሬ ነው። አባታቸው ሲሞት ቤቱ ለእሷ፣ ከብቱና የእርሻው መሬት ለእሱ ተብሎ በሽማግሌ ተካፍለው ነበር። ነገር ግን በአንዲት ላም ምክንያት ክፉኛ ተጣሉና ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ኖሩ። «በላም የጨከነብኝ በቤት ሊራራልኝ ነው?» አለች እናኑ።

ሰርካለም ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። የትንሿ ልጇ የኤሌኒ ክርስትና እናት፣ ቢሮ የምትሠራ፣ ወረቀት የምታውቅ። እናኑ ሆስፒታል ስትተኛ አጠገቧ ያደረችው እሷ ነበረች።

ቤቱንም ልጆቹንም ለእሷ አደራ ልትሰጥ ወሰነችና ውክልናውን ለማጻፍ አብረው ሄዱ። ጸሐፊው ቀና ብሎ፣ «መሸጥ መለወጥም ይግባ?» ሲል ጠየቀ። እናኑ ወደ ሰርካለም ዞረች።

«ልጆቹ አንድ ነገር ቢሆኑ አንችን አዲስ አበባ ድረስ ልፈልግሽ ነው?» አለች ሰርካለም። «ደግሞ ካላመንሽኝ ይቅር።»

እናኑ አፈረች። «ይግባ» አለች።

አዲስ አበባ ስምንት ወር ቆየች። ፀጉሯ ረገፈ፣ ጥፍሮቿ ጠቆሩ፣ አብረዋት ከተኙት ሁለቱ ሞቱ። ሰርካለም በየሳምንቱ ትደውላለች፤ «ልጆቹ ሸጋ ናቸው፣ አንች ብቻ ዳኝ» ትላታለች። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ታላቅ ልጇ ሶሊያናም እናቷ በማታውቀው ቁጥር እየደወለች፣ «ደህና ነን እማዬ» ትላለች። እናኑ ሕመሙ ሲጠናባት የምትጽናናው በዚህ ነበር።

ዳነች። በሰኔ ወር፣ ላስደንቃቸው ብላ ሳትናገር ተመለሰች። ከባጃጅ ስትወርድ የቤቷ በር ሌላ ቀለም ተቀብቷል፤ ልብስ የምትቀበልበት መስኮት በብሎኬት ተደፍኗል። አንድ የማታውቀው ሰው ወጣ።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ቤቴ ነው።»

ሰውየው ግራ ገባው። «እኔ ከአራት ወር በፊት ከባለቤቲቱ ወኪል ገዝቼዋለሁ። እሷ በጠና ታማለች ነው ያሉኝ» አለና ወረቀቱን አምጥቶ አሳያት። ከውሉ ጋር የተያያዘው ውክልና ላይ የገዛ ፊርማዋን አየች።

ቀጥታ ሰርካለም ቤት ሄደች። ሰርካለም በሩን ከፍታ ስታያት መቃኑን ይዛ ቀረች።

«ምነው ሰርኬ? ምን አደረግሁሽ?»

ሰርካለም ማልቀስ ጀመረች። «ሐኪሙ ተስፋ የላትም ብሎኝ ነበር እኮ። የምትመለሺ አልመሰለኝም።»

«ልጆቼስ? እነሱም የሚኖሩ አልመሰለሽም?»

ቤቱ ሲሸጥ ዳኛው ሰምቶ መጥቶ እንደወሰዳቸው ብቻ ነገረቻት።

በማግስቱ እናኑ ዳባት ሄደች። ልጆቹ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ወፍረዋል፣ ፊታቸው በብርድ ተሰነጣጥቋል። ዳኛው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

«አያ ዳኛው፣ አንተም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልኸኝ?»

«በሕመምሽ ላይ ይህን ብጨምርብሽ ትሞችብኛለሽ ብዬ። በጎረቤት ስልክ ደውላችሁ ደህና ነን በሉ ያልኋቸውም እኔ ነኝ። ፍረጂብኝ።»

ልጆቿን ስላኖረላት እግሩ ላይ ልትወድቅ ይገባት ነበር። አልቻለችም። አራት ወር ሙሉ የምታውቃቸው ሁሉ፣ የወለደቻት ልጅ ሳትቀር፣ ተስማምተው እንደዋሿት ነው የተሰማት። ሁለት ቀን አላናገረችውም፤ በሦስተኛው ቀን ስለ ላሟ ይቅርታ ጠየቀችው።

ክሱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ውክልናው መሸጥ መለወጥ ስለሚል፣ ገዢውም በቅንነት ስለገዛ ቤቱ አልተመለሰም። ሰርካለም ዋጋውን እንድትከፍል ተፈረደባት፤ እሷ ግን ለባሏ መኪና ገዝታበት፣ መኪናው ገደል ገብቶ ነበር። አሁን ከደመወዟ በየወሩ እየተቆረጠ በልጆቹ ስም ባንክ ይገባል።

እናኑ አራዳ ውስጥ በኪራይ ክፍል ትሰፋለች። በሽታው ይመለስ ይሆናል ብላ ባለፈው ዓመት ኑዛዜ አጻፈች። ሞግዚት ያደረገችው ዳኛውን ነው፤ ነገር ግን የሶሊያና መምህርት ወይዘሮ ፋሲካ አብራ ካልፈረመች ከባንክ ምንም እንዳይወጣ አስጻፈች።

ሲነበብለት ዳኛው ፊቱ ተለወጠ። «እኔንም አታምኝኝም?»

«ከእንግዲህ ማንንም ብቻውን አላምንም፣ አያ። ከከፋህ ዛሬ ንገረኝና ሌላ ልፈልግ።»

ዳኛው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ አተመ። ምሳ ሳይበላ ወደ ዳባት ተመለሰ።