አማቼ ያወጣቸው መንጃ ፈቃዶች

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ይዘውኛል። «አያቴ፣ አባታችን ይሄን ሁሉ መንጃ ፈቃድ ለምን አወጣ? ንገሪን» ይላሉ። እናታችሁን ለማግባት ነው።

ያኔ ቤታችን ሁምቦ ነበር። የእኔ እግር አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዛሬ ተበላ ከተማ ገበያ፣ ነገ ሶዶ፣ ሲለኝ ደግሞ ቢጠና ከተማ እህቴ ዘንድ። ያልተሳፈርኩበት የመኪና ዓይነት የለም። ባለቤቴ ከግቢው አይወጣም፤ ስለ መኪና የሚያውቀው ግን እሱ ነበር።

ልጄ ሶዶ ነርስነት መማር በጀመረች ዓመት ሽማግሌ መጣ። ልጁን ወድጄዋለሁ፤ የልጁም እናት ቸኩላለች፣ እኔም ቸኩያለሁ።

«ልጃችን ሹፌር ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«የምን?» አለ ባለቤቴ።

«የባጃጅ።»

«ባለሦስት እግር? በርጩማም ሦስት እግር አለው። በርጩማ ሽማግሌ ልኮብኝ አያውቅም።»

ተነሥተው ሄዱ። እኔ አለቀስኩ። ልጄ ቅዳሜ ስትመጣ ነገርኳት፤ ራቷን በላች።

በዓመቱ ተመለሱ። ልጁ ሕዝብ የሚባለውን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሚኒባስ ይዟል።

«ሕዝብ የሚጭን ሰው ጋቢናው ባዶ አይውልም» አለ ባለቤቴ። «እዚያ አጠገቡ የምትቀመጠው ማን ናት?»

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት የእርስዎ ባለቤት ነበሩ።»

እውነት ነው። ባለቤቴ አየኝ፤ ሽማግሌዎቹም ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ቀጥሎ መንጃ ፈቃዱ ደረቅ ጭነት ሆነ፤ መኪናው አይሱዙ። ባለቤቴ ስንት ኩንታል እንደሚጭን ጠየቀ። ሲነግሩት «ቀላል ነው፤ ተሳቢ ያለው ሲይዝ እንነጋገር» አለ። ልጁ ተሳቢ ያለው ያዘ። ያን ጊዜ ደግሞ «ከኋላው የሚጎትተው ነገር ያለው ሰው ሁለት ቤት አያጣም» አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን መልስ ለልጁ እናት መንገር ከበዳቸው።

መጨረሻ ፈሳሽ መጣ፤ ነዳጅ የሚጭነው ቦቴ።

«እሳት አማች አላደርግም» አለ። ደግሞም «ከፈሳሽ በኋላ ምን አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ግሬደርና ዶዘር ነው፣ ጋሼ። እሱ መንገድ ይሠራል እንጂ ሙሽራ አይወስድም።»

ባለቤቴ አሰበበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ተመረቀች። እሱም ሰው ልኮ ሽማግሌዎቹን አስጠራና «ቦቴውም ይሁን» አላቸው። በሰርጉ ቀን ሰው ሁሉ ስለ ግትርነቱ አማው፤ እኔም አብሬ አማሁት።

ባለቤቴ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጄ ስታጫውተኝ «ጥያቄዎቹ የእኔ ነበሩ» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ የሚመልሰውን ለአባቷ ትነግረው ኖሯል፤ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትዳር።

«ለእኔ ምነው አልነገራችሁኝ?»

«እማዬ፣ አንቺ በየመኪናው ታወሪያለሽ።»

ልጁም ያውቅ ነበር። ቀጥሎ የሚያወጣውን መንጃ ፈቃድ የምትመርጥለት እሷ ነበረች።