የመምህሩ እርጥብ እግር

ጎሚስታውን ወገቡን ባይዘው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ባለፈው ወር የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን አነሳለሁ ብሎ ጎንበስ እንዳለ ቀረና ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ሲያይ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ቡድኑ ከሜዳው ውጭ ይጫወት ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ደጋፊነቱ የውጭ ጨዋታ ሲያመልጠው የመጀመሪያው ነው። ደጋፊዎቹ በሚጓዙበት ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን፣ የእሱ ቦታ ባዶውን ከሚሄድ ተብሎ ሰፈሩ ከገባ ሦስት ወር ያልሞላው የሂሳብ መምህር ተቀመጠበት። ቡድኑም እንደ ልማዱ ተሸንፎ መመለስ ሲገባው ሁለት ለዜሮ አሸነፈ። ከሜዳው ውጭ ሲያሸንፍ በአራት ዓመት አንድ መሆኑ ነበር።

ደጋፊ ማለት በአሰልጣኝ የሚያምን እየመሰለው በካልሲ የሚያምን ፍጡር ነው። በማግስቱ የሰፈሩ ወሬ አንድ ብቻ ሆነ፤ መምህሩ እግረ እርጥብ ነው።

ወሬውን ጎሚስታው ከነዝርዝሩ ሰማው። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ ሳይነግረው አይሄድም። እሱ የተነፈሰውን ጎማ ውሃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለገ፣ «መምህሩ እኮ ጉድ ነው!» ሲሉት ከአንገት በላይ ይስቃል። ቀዳዳውን ካገኘው በኋላም ጎማውን ከውሃው አያወጣውም፤ ተጭኖ ይይዘዋል።

እውነቱን ለመናገር ያንገበገበው የመምህሩ እግር አልነበረም፤ ሹፌሩ ነበር። ሹፌሩና እሱ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ፣ ቡድናቸው ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን የወረደ ዕለት ተቃቅፈው ያለቀሱ ናቸው። አሁን ሹፌሩ ከሥራ ሲወጣ ጎሚስታው ቤት መጥቶ በሩ ላይ መደገፉን ትቶ መምህሩ ዘንድ ዳማ ይጫወታል። እፍ ክንፍ ብለዋል። ዕድሜ ልኩን መጽሐፍ ሲያይ እንቅልፉ የሚመጣ ሰው «መምህሩ እንዳለው...» እያለ ማውራት ጀምሯል።

«ሰው በሚስቱ ይቀናል፤ አንተ በሹፌር ትቀናለህ?» አለችው ሚስቱ አንድ ምሽት።

«ማን ቀና?»

«እኔ እህቴ ጋ አንድ ወር ስከርም እንኳን እንዲህ ፊትህ አልጠቆረም።»

«ዝም ብለሽ ብይ» አላት። እሱ ግን አልበላም።

ቀጣዩ የውጭ ጨዋታ ሲደርስ ወገቡ ድኗል። በዋዜማው ሚኒባሱን ተቀብሎ አራቱንም ጎማ ፈትሾ፣ ነፋስ ለክቶ፣ ያለቀውን በመጠባበቂያው ቀይሮ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ አጥብቆ አስረከበ። ሹፌሩ ትከሻውን መታ አድርጎ «ካንተ ወዲያ!» ሲለው ልቡ ሞቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለው። በነጋታው ፀሐይ ሳትወጣ ስካርፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሲደርስ ግን መምህሩ ጋቢና ውስጥ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል።

«አንተ የቤት ሰው ነህ፤ ለዛሬ ብቻ ከኋላ ሁን» አለው ሹፌሩ እየሳቀ። «ያሸነፈ ነገር አይነካም።»

መምህሩ ደንግጦ ቀበቶውን ፈታ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ እንጂ!»

«እንዳትንቀሳቀስ!» ብሎ ከኋላ አሥራ አንድ ሰው ጮኸበት።

ጋሼ! በአራት ዓመት ቢበልጠው ነው። ጎሚስታው እዚያው ቆሞ አረጀ። ከዚያ ገብቶ ከኋላ ጎማው በላይ ባለችው ወንበር ላይ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ከጎኑ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ገና መንገድ ሳይጀመር ማንኮራፋት ጀምሯል።

ከዚያች ወንበር የሹፌሩ ማጅራትና በመስተዋቱ ውስጥ አንድ ዓይኑ ይታያሉ። ዓይኑ በየደቂቃው ወደ መምህሩ ይሄዳል። ሹፌሩ ታሪክ እያወራ ነበር። «አንዴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የስታዲየሙን አጥር ስንዘል ሱሪዬ ሽቦው ላይ ቀረልህ...» መምህሩ በሳቅ ፈረሰ። ጎሚስታው ጆሮውን አላመነም። ሽቦው ላይ የቀረው ሱሪ የእሱ ነበር! ዘጠና ደቂቃ ሙሉ በውስጥ ሱሪ ቆሞ ያየው እሱ ነው! አሁን ሱሪውም ተወስዶበታል፣ ስሙም «አንድ ጓደኛዬ» ሆኗል።

«ሱሪው የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። መሃል ያሉት ዘፈን ጀምረው ስለነበር ማንም አልሰማውም።

እግዜር ይቅር ይበለውና ጎማ እንዲፈነዳ ተመኘ። መኪናው ይቁም፣ ሁሉም ወርዶ ይጨነቅ፣ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ያድናቸው። ያንን መምህር ጎማ ሲፈታ ማየት ነበር! ነገር ግን ጎማዎቹን የሠራቸው ራሱ ነው፤ አራት ሰዓት መንገድ ውልፍት ሳይሉ አደረሷቸው።

የእንግዳ ደጋፊ ቦታ እንደ የትም ቦታ ነው፤ ጥግ፣ በሽቦ የታጠረ፣ ግማሹ ጎል በምሰሶ የሚከለል። ሹፌሩ መሃል፣ መምህሩ በቀኝ፣ ጎሚስታው በግራ ተቀመጡ። ጨዋታው በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ቡድናቸው ጎል አገባ። ከዚህ በፊት ጎል ሲገባ ሹፌሩ መጀመሪያ የሚያቅፈው እሱን ነበር። ዛሬ ጀርባውን ሰጥቶት መምህሩን አነሳው። ዳቦ ጋጋሪው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ «እግርህን ልሳም!» እያለ የመምህሩን ጫማ ይዞ ቀረ። ጎሚስታው በጣቱ ጫፍ አጨበጨበ። ቡድኑ ጎል አግብቶ ሲከፋው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ያን ጊዜ ነው ሰው የማይሰማው ጸሎት የጀመረው። ዛሬ ከተሸነፍን የእግሩ ወሬ ያበቃል፤ ወሬው ካበቃ ዳማው ይቀራል፣ ጋቢናውም ሹፌሩም ይመለሳሉ ብሎ አሰበ። ሠላሳ አንድ ዓመት «አንድ ጎል ስጠን» ሲል የኖረ አፍ በሹክሹክታ «አንድ ጎል ስጣቸው» አለ። አፈረ፤ ግን ደገመው።

ከዕረፍት በኋላ አቻ ሆኑ። ሁሉም ራሱን ሲይዝ እሱም ይዞ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ያለው ፊቱ እንዳይታይ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ለባለሜዳዎቹ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። አጥቂው ተንደረደረ፤ መታ፤ በረኛው በግራ ኳሷ በቀኝ።

«ገባች!»

ጎሚስታው ቆሞ ነበር። ሁለት እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል። ያን ድምፅ የማያውቅ ደጋፊ የለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ለቡድኑ የጮኸው እሱው ድምፅ ነው። አሥራ ሦስት ሰው ዞሮ አየው። እጁን ለማውረድ እንኳ ትዝ አላለውም።

«ምን አልክ አንተ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው እየተነሳ።

መምህሩ ፈጥኖ መሃላቸው ገባ። «ደንግጠው ነው። ሰው ሲደነግጥ አፉ ያመጣለትን ይላል፤ እኔም ልል ነበር» አለና እጁን ጎሚስታው ትከሻ ላይ አሳረፈ። ያ እጅ ከሚያርፍበት ዳቦ ጋጋሪው በጥፊ ቢለው በወደደ። ሹፌሩ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። አየውና ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ።

ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም መምህሩን ያዙት። «እግርህ ደረቀ መምህር! ከጋቢና ውረድ!» እሱም እየሳቀ «ተፈርዶብኛል» ብሎ ከኋላ ገባ። ወዲያው እዚያም ሳቅ ሆነ። ጋቢናው ባዶውን ቀረ።

«ግባ እንግዲህ» አለው ሹፌሩ።

ገባ። የፈለገው ይኸው ነበር፤ ወንበሩም ያው፣ ሹፌሩም ያው። ሁለት ሰዓት ያህል ሄዱ።

«ዳኛው ነው የበላን» ብሎ ሞከረ ጎሚስታው በመጨረሻ።

ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ስንት ዓመት ነው አብረን የተሸነፍነው?» አለው።

«ሠላሳ አንድ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ካንተ ጋር ተሸንፌ ስመለስ፣ አንድ ቀን እግረ ደረቅ ብዬህ አውቃለሁ?»

ከኋላ መምህሩ አንድ ነገር ተናግሮ ሁሉም ሳቁ።

«አታውቅም» አለ ጎሚስታው።

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። ቤታቸው ለመድረስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀራቸው ነበር።