ሰውየው ያመልጣል?

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ግንቦት ላይ ነው። ዛሬም ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሳፈር መጀመሪያ የምፈትሸው የገዛ ቦርሳዬን ነው፤ ደብተር አለመያዜን ለማረጋገጥ።

ፍኖተ ሰላም አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን የንባብ ክበብም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን አንድ የተተረጎመ የስለላ ልብወለድ አንብበን፣ ከእሱ ከተሠራው ፊልም ጋር ልናነጻጽረው ተስማምተን ነበር። እኔም መምህርነት ይዞኝ የየምዕራፉን ፍሬ ሐሳብ በደብተር ጻፍኩ። የፈረንጅ ስም መጻፍ ስለሚሰለቸኝ «ሰውየው»፣ «ሴትየዋ» እያልኩ ነበር የምጽፈው። ቅዳሜና እሁድ ቡሬ እናቴ ቤት ሆኜ ፊልሙን በስልኬ እያየሁ፣ ከመጽሐፉ ጋር የገጠመውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረግኩበት። ከአንዲት ዝናብ በቀር ምንም አልለወጡም። «እንደ ዳዊት ደገሙት እንጂ ምኑን ፊልም ሠሩት!» ብዬ ተበሳጭቼ ነበር።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ስመለስ፣ ከቡሬ ወጣ እንዳልን ኬላ ላይ አስቆሙን። ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረገና ለአለቃው ሰጠው። አለቃው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ወጣት ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ሰውየው ድልድዩ ላይ ይጠብቃል። ሻንጣውን ከሴትየዋ ይቀበላል። ዘበኛው ይገደላል።» ቀና አለ። «ይኼ ራይት የተደረገበት ተፈጽሟል ማለት ነው?»

«ፊልም ነው» አልኩት። ድምፄ ለራሴም የውሸት መሰለኝ።

«ሻንጣው የታለ?»

መንገድ ዳር ካለች የቆርቆሮ ክፍል አስገቡኝ። መስኮት የላትም። በሩ ላይ አንዱ ቆመ። የሚኒባሱ ሾፌር ጥሩምባ ሲነፋ፣ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። እናቴ «ደርሳለች» ብላ ትቀመጣለች፣ ትምህርት ቤት «ቀረች» ይሉኛል፤ የት እንዳለሁ የሚያውቅ የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ግን ሳያድር እንዲጠራ ነበር ጸሎቴ።

ያዳኑኝ አብረውን የተሳፈሩ አንድ መሪጌታ ናቸው። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ሌላው ተሳፋሪ አንገቱን ሲደፋ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ፊልም ነው ካለች ፊልሙ ይምጣ» አሉት አለቃውን። «እኛ ዘንድ ተማሪው በቃሉ ይላል፣ መምህሩ መጽሐፉን ይዞ ያርማል። እሷ ትበል፤ አንተ በስልኩ ተከታተላት።»

አለቃው የፊልሙን ቋንቋ ባይሰማም ዓይን አለው። ስልኬን ተቀብሎ ከመሃል ከመሃል ይከፍታል፤ መነሻውን አሳይቶኝ ወደ ራሱ ያዞረዋል። «አሁን ሰውየው ጋዜጣውን ያጥፋል» እላለሁ፤ ያጥፋል። «ሴትየዋ ጓንቷን ትጥላለች» እላለሁ፤ ትጥላለች። ያ የተበሳጨሁበት ፊልም አንዲት ነገር እንዳይለውጥ በልቤ እማጸን ጀመር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ከድንጋጤዬ የተነሳ የመጽሐፉን ተናገርኩ። «ዝናብ ይዘንባል» አልኩ። ስልኩ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነው።

አለቃው ቀና ብሎ አየኝ። «የሚዘንበውስ መጽሐፉ ላይ ነው» አልኩት።

«ተዋት» አሉ መሪጌታው። «የሚዋሽ ሰውማ አሳምሮ አጥንቶ ነው የሚመጣ። ይች ግን አንብባ ነው የሳተች።»

አለቃው ሳቀ። ደብተሬን መለሰልኝ፤ ፊልሙን ግን ወደ ራሱ ስልክ ላከው። ልወጣ ስል «ቆይ» አለኝ። «መጨረሻው እንዴት ነው? ሰውየው ያመልጣል?»

የመጨረሻውን ምዕራፍ ገና ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። አያመልጥም። ኬላ ላይ ይያዛል። እኔ ራሴ ኬላ ላይ ቆሜ ይህን እንዴት ልበል?

«ያመልጣል» አልኩት። ያን ቀን የተናገርኳት ውሸት እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ቡሬ አልሄድኩም። እናቴ ደውላ «ምነው ጠፋሽ?» ስትለኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። የኬላው ልጅ ፊልሙን ጨርሶ ሲያይ ምን እንደሚል እያሰብኩ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ታስሬ ከረምኩ ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ ናፍቆቱ በለጠና ሄድኩ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ያወርደዋል። ያው ልጅ ላስቲክ ተከናንቦ ኬላው ላይ ቆሟል። አየኝና ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«መምህር፣ ዋሽተሽኛል» አለኝ። ቦርሳዬን አቀፍኩ።

«አያመልጥም። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ያመልጣል እያልኩ ነው ያየሁት» አለና መንገዱን ቁልቁል ተመለከተ። ከዚያ ሾፌሩን «እለፍ» አለው።

ስፈራው ከረምኩ እንጂ፣ እሱም ከዚያ ቦታ መሄድ አምሮት ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አፈርኩ። አሁን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ ፍርሃቱ ባይለቀኝም፣ በዓይኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ባለፈው ወር አጣሁት። ሌላ ሰው ቆሟል። የት እንደሄደ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። አምልጦ ቢሆን ብዬ ግን ተመኘሁለት።